አሮጌው ዕቃ ለባለቤቱ

የጋዝ ማሞቂያ ጠጋኙን ደንበኞቹ ሁሉ «ሰማያዊ» ነው የሚሉት። ስሙን ያወጣለት የገዛ አፉ ነው። የሰው ማሞቂያ ጠርጎ በጨረሰ ቁጥር ባለቤቱን ጎትቶ አምጥቶ እሳቱ ፊት ያቆምና፣ ነበልባሉ ሰማያዊ መሆኑን ያሳያል፤ ቢጫ መሆን የጀመረ ቀን አጥፍታችሁ ጥሩኝ፣ እስክመጣ ድረስ ብርድ ልብስ ተከናንባችሁ ጠብቁኝ ይላል። ይህን ሳይል ከአንድም ቤት ወጥቶ አያውቅም። እናም ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። ሚስቱ እንኳን ሰው ፊት ስታነሳው «ሰማያዊዬ» ትለው ነበር።

ሌላም ደንብ ነበረው። የቀየረውን አሮጌ ዕቃ፣ የቱንም ያህል ኢምንት ቢሆን፣ ይዞት አይሄድም። እዚያው ቤት ባገኘው ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ጫፉን ቋጥሮ፣ ለማሞቂያው የሚቀርበው የመስኮት ደፍ ላይ ያኖረዋል። ከዚያ ባለቤቱን ጠርቶ ቋጠሮውን ይፈታና፣ ይሄ ምን እንደነበረ፣ ለምን እንደተበላሸ፣ ባይቀየር ኖሮ ምን ያመጣ እንደነበር ለሕፃን እንደሚነገር አድርጎ ያስረዳል። «አሮጌው ዕቃ የባለቤቱ ነው፤ ሰው ቤቱ ውስጥ የተደረገውን ማወቅ አለበት» ባይ ነው። በዚህ ደንቡ ይኮራ ነበር፤ ኩራቱ ደግሞ ለከት የለውም። ከገበያው ማዶ የሚሠራውን ሌላውን ጠጋኝ፣ «ጥድፊያ» እያለ የሚጠራውን ሰው፣ ሳያማ እራቱን የበላበት ቀን ጥቂት ነው። ጥድፊያ የጋዝ መውጫውን ቀዳዳ በመርፌ ጎርጉሮ አሰፋው። ጥድፊያ ክዳኑን ሳይፈታ ላዩን ወልውሎ ሄደ። ሚስቱ ጥድፊያን በዓይኗ አይታው ባታውቅም ኃጢአቱን አንድ በአንድ ታውቀው ነበር።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። አዲስ ተጋቢዎች ሳሉ፣ የራሷ ደንበኛ ሳይኖራት፣ የመሣሪያ ቦርሳውን ተሸክማ ቤት ለቤት አብራው ዞራለች። ጋዙ ከሲሊንደሩ ተዘግቶ ማሞቂያው እስኪበርድ ጎኑ ቁጭ ብላ ጠብቃለች። እሱ የማሞቂያውን የፊት ክዳን ፈትቶ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ሲያራግፍ ባትሪ አብርታለታለች። ጋዙ ተመልሶ ሲከፈት መጋጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ እየቀባች፣ አረፋው ቡልቅ ያለበትን እያየች «እዚህ ጋ ያፈሳል» ብላዋለች። ስለዚህ ሥራውን ባትሠራውም ታውቀዋለች።

በተለይ «ዘበኛው» የሚሉትን ዕቃ ታውቀዋለች። ዘበኛው ከእርሳስ የቀጠነ የመዳብ ዘንግ ነው። ማሞቂያው በበራ ጊዜ ሁሉ የምትነድ አንዲት ትንሽ እሳት ጫፉን ትልሰዋለች። የክፍሉ አየር ሲበላሽ ትንሿ እሳት ትደክምና ከጫፉ ትርቃለች፤ ጫፉ ይቀዘቅዛል፤ ያኔ ጋዙ ራሱ ይዘጋል። ማሞቂያው ጠፋ ማለት ቤት ውስጥ ያለው ሰው ተረፈ ማለት ነው። ይሄ ያልገባቸው፣ በየደቂቃው ጠፋብን ብለው የሚነጫነጩ ሰዎች አሉ፤ እነሱን ዝም ለማሰኘት የዘበኛውን አንገት አጣሞ ወደ ትልቁ እሳት የሚያስጠጋ ጠጋኝም አለ። እንዲህ ከተደረገ ጫፉ ሁሌም እንደጋለ ስለሚቆይ፣ አየሩ መርዝ ቢሆንም ማሞቂያው አይጠፋም። ሰማያዊ ይህን ሲያወራ ድምፁ ሳይቀር ይለወጥ ነበር። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ጠጋኝ ሳይሆን ነፍሰ ገዳይ ነው ይላል። ጥድፊያም ይህን ሳያደርግ አይቀርም ይላል።

የልብስ ሰፊዋ መሥሪያ ከቤታቸው በስተጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። አንድ መስኮት፣ ሰፊ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ የስፌት መኪና፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ማሞቂያው። ጨርቅ በተቆረጠ ቁጥር የሚቦነው ብናኝ ማሞቂያው ውስጥ እየገባ ይከማቻል፤ ለዚህ ነው ባሏ በየዓመቱ ብርዱ ከመግባቱ በፊት የሷን ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠርገው። በዚያ ዓመት ግን ሥራ በዛበት። የሰው ሁሉ ማሞቂያ ሲጠረግ የሷ «ነገ» ተባለ፤ ነገም ነገን እየወለደ ብርዱ መጣ። ማሞቂያው በሥራ መሀል ይጠፋባት ጀመር። ጣቷ ደንዝዞ መርፌ ከእጇ እየወደቀ አስቸገራት፤ እሷም ነጋ ጠባ ትጨቀጭቀው ጀመር። አንድ ቀን ጠዋት ወደ ሥራ ሊወጣ ሲል፣ ቦርሳውን ከትከሻው እንኳን ሳያወርድ ተንበረከከና ክዳኑን ገለጥ አድርጎ ነካካው።

«ከእንግዲህ አይጠፋብሽም» አላት።

እውነቱን ነው፤ ከዚያ በኋላ አልጠፋባትም። ክፍሏ ሞቀ፤ እሷም ስትዘፍንና ስትሰፋ ዋለች።

ብዙም ሳይቆይ ከምሳ በኋላ ራሷን ያማት ጀመር። እንደዋዛ የጀመረ ነገር እያደር ጭንቅላቷን ለሁለት የሚከፍላት ሆነ። ደጅ ወጥታ ልብስ ስታሰጣ ይሻላታል፤ ተመልሳ ስትቀመጥ ይብስባታል። የእሳቱ ጫፍ ቢጫ ማለቱን አይታ ነግራዋለች። አቧራ ነው፣ ሲነድ ይለቀዋል አላትና ወደ ጉዳዩ ሄደ። ማሞቂያውን የነካው ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ያን ዕለት ፈትታ ታየው ነበር። የነካው ግን ሰማያዊ ነው። በሱ እጅ ያለፈን ዕቃ መጠርጠር ለሷ የሚታሰብ ነገር አልነበረም፤ ይልቅ የገዛ ጭንቅላቷን ጠረጠረች።

ለመጠርጠርም ምክንያት አላጣችም። ለአንድ ጠበቃ ግራጫ የሱፍ ሙሉ ልብስ ስትቆርጥ ሁለቱንም እጅጌ ለግራ ክንድ ቆረጠችው። ዕድሜዋን ሙሉ ጨርቅ ስትቆርጥ እንዲህ ያለ ነገር ሠርታ አታውቅም። ባሏ ነገሩን ዘመድ በተሰበሰበበት ሲያወራው፣ ጠበቃው ሁለት ግራ እጅ ያለው መስሏት ነው ብሎ ሰዉን በሳቅ ገደለው። እሷም አብራ ሳቀች፤ ሆዷ ግን አልሳቀም።

ቀጥሎ የሆነው የሚያስቅ አልነበረም። ልጃቸው ሥራ ስትውል ሕፃኗን እናቷ ዘንድ ነው የምትተዋት። ሚጡ ይሏታል፤ ገና መሄድ አልጀመረችም። እማዬ ጋ እንደምትተኛው የትም አትተኛም እያለች ልጃቸው ትደነቅ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ አያቷ ሚጡን ታቅፋ ስትነሳ ጉልበቷ ከዳት። ልጅቷ ከእጇ አምልጣ ግንባሯ ከጠረጴዛው እግር ጋር ተጋጨ። የሚጡ እናት ስትደርስ ሕፃኗ ግንባሯ አብጦ ታለቅሳለች፤ አያቷ ወለሉ ላይ ተቀምጣ የት እንዳለች የጠፋት ሰው ሆናለች። ልጇ ያን ቀን ክፉ ቃል አልተናገረቻትም። ሕፃኗን አንስታ ሄደች፤ በማግስቱ ሚጡን የምትይዝላት ሌላ ሴት ፈለገች።

ሐኪሙ ደም ግፊቷን ለካ፣ ልቧን አዳመጠ፣ ድካም ነው ብሎ ዕረፍት አዘዘላት። ባሏ፣ «ይብቃሽ፤ ዕድሜሽንም እወቂ እንጂ» አላት። ደንበኞቿን ራሱ ዞሮ፣ ደክሟታል፣ ከእንግዲህ አትሰፋም ብሎ አሰናበተላት። እሷም የስፌት መኪናዋን በአንሶላ ሸፍና ለጥቂት ቀን ታላቅ እህቷ ጋ ሄደች። እዚያ እንደደረሰች ራስ ምታቱ ተዋት። ስትመለስም አልመጣባትም። በባዶው ክፍሏ ማሞቂያውን አብርታ፣ እጇን አጣጥፋ፣ ምንም ሳትሠራ ደህና ሆና ትውላለች።

ስለዚህ አመሰገነችው። ሥራው ነበር የሚገድለኝ፣ አንተ ባትከለክለኝ አልቆልኝ ነበር አለችው። ሰማያዊ ጫማውን ጫማውን አየና «ዋናው ጤናሽ ነው» ብሎ ወደ ግቢው ወጣ። ዕንባውን እንዳላይበት ነው የወጣው ብላ፣ በዚያች ደቂቃ ከሠርጓ ቀን ይልቅ ወደደችው።

ልጇ ግን ሚጡን አልመለሰችላትም። እሁድ እሁድ ይዛት ትመጣለች፤ አያትየዋ ብድግ አድርጋ ስታቅፋት የልጇ እጆች ከሥር ተዘርግተው ይከተሏታል። አንድ ቀን ባሏ ኮሪደር ላይ ቆሞ ከልጃቸው ጋር በስልክ ሲያወራ ሰማችው። «ለጊዜው ሚጡን ለብቻዋ አትተዪላት» ይላል። «ደህና ትመስላለች፤ ግን እኔ እንጃ፤ ትንሽ እንያት።» አልተቀየመችውም። እኔም ብሆን ለኔ አልተዋትም ብላ ተቀበለችው። ቁልፍ ያኖረችበት በጠፋት ቁጥር ልቧ ድንግጥ ይላል፤ ሰው ስም ሲጠራ በሆዷ ደጋግማ ትለዋለች፣ እንዳይጠፋባት። ከራሷ ጋር ተኳርፋ የምትኖር ሴት ሆነች።

በመጨረሻ ተስፋ ቆረጠችና የስፌት መኪናዋን ለአንዲት ጎረቤቷ ልትሰጣት ቃል ገባች። ጎረቤትየዋ መጥታ ከመውሰዷ በፊት ክፍሉን ልታጸዳ ገባች፤ መጋረጃውንም ልታጥበው አወረደችው። ከመጋረጃው ጀርባ፣ መስኮቱ ደፍ ጥግ ላይ፣ አንዲት የተቋጠረች ትንሽ ጥቅል ተቀምጣለች።

መጀመሪያ ፈገግ አለች። የደንበኛ ዕቃ ረስቶ ይዞ መጥቶ ነው ብላ፣ ማታ ልትስቅበት አሰበች። ቀጥሎ ጨርቁን አየችው። ግራጫ ሱፍ ነው። የጠበቃው ልብስ ነው፤ ያ የተበላሸው እጅጌ፣ የራሷ መቀስ የሄደበት ጠርዝ ሳይቀር ይታያል። ቋጠሮውን ፈታችው።

ውስጡ ያለው ዘበኛው ነበር። አንገቱ እንደ መንጠቆ ተጣሟል። ትንሿ እሳት የምትልሰው ዘበኛ ጫፉ ላይ ብቻ ነው የሚጠቁረው፤ ይሄኛው ግን አንድ ጎኑ በሙሉ ከስሏል። ትልቁ እሳት ውስጥ ገብቶ የከረመ ነው። ይህን ለማወቅ ማንም እንዲያስረዳት አላስፈለጋትም፤ ራሱ ሰማያዊ አስተምሯታል።

ወጥታ ጋዙን ከሲሊንደሩ ዘጋችው። ማሞቂያው እስኪበርድ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀች። ከዚያ የመኪናዋን ብሎን በምትፈታበት መፍቻ ፊቱን ፈታችው። አዲሱ ዘበኛ ቀጥ ብሎ በቦታው ቆሟል። ለትንሿ እሳት አየር የሚያስገባው ቀዳዳ ንጹሕ ነው። የብናኝ ዘር የለም፤ ጥጋጥጉ ሁሉ በብሩሽ ተጠርጓል። ሰማያዊ በሕይወቱ ከሠራቸው ሥራዎች ሁሉ እንዲህ ያማረ አላየችም፤ ያን ሥራ ስታይ ነው ያለቀሰችው።

ጭንቅላቷ፣ ያ ሁሉ ሰው ያልተማመነበት ጭንቅላቷ፣ ነገሩን አንድ በአንድ ሰደረው። ዕቃው የተጠቀለለው በተበላሸው እጅጌ ነው፤ ስለዚህ የተቀየረው እጅጌው ከተበላሸ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ እሷ ከዚህ ክፍል የራቀችው እህቷ ጋ የሄደች ጊዜ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ነው የሠራው። ስትመለስ ደህና የሆነችው ስለዚህ ነው። እሷ ያመሰገነችው ከዚያ በኋላ ነው። በስልክ «ለብቻዋ አትተዪላት» ያለውም ከዚያ በኋላ ነው። እያወቀ ነው ያለው።

ማጣመሙን ይቅር ልትለው ትችል ነበር። ሰው ይጣደፋል፣ ሰው ይሰንፋል፣ እሷም በየቀኑ ትጨቀጭቀው ነበር። አንጀቷን ያቃጠላት ሌላው ነው። እሷ በገዛ ራሷ ላይ ስትፈርድ አጠገቧ ተቀምጦ አየ። መኪናዋን ስትሸፍን አንሶላውን በማዶ በኩል ይዞ አገዛት። ዕቃውን እንኳን ለምን እዚያ እንዳኖረው አልገባትም፤ ምናልባት እጁ ከልማዱ የተነሳ ጠቅልሎ፣ ቋጥሮ፣ ደፉ ላይ አስቀምጦት ይሆናል። እንዲያ ከሆነ ከሱ እጁ ይሻላል።

ቋጠሮውን እንደነበረ አስራ ወደ ቦታው መለሰችው። ጎረቤቷን ሐሳቤን ቀይሬያለሁ፣ መኪናውን አልሰጥም ብላ ሸኘቻት። እስከ እሁድ ድረስ ለባሏ ምንም አልተነፈሰችም። አንድ ማታ ራት ላይ ዓይኑን በጨው ታጥቦ፣ ጥድፊያ የሰው ማሞቂያ እንዴት እንዳበላሸ ሲተርክላት እስከ መጨረሻው ሰማችው፤ እሷም «ጉድ ነው» አለች።

እሁድ ልጃቸው ሚጡን ይዛ ስትመጣ፣ ልብስ ሰፊዋ ባሏንና ልጇን ወደ መሥሪያዋ ጠራቻቸው። ማሞቂያው ጠፍቷል፤ መስኮቱ ተከፍቷል። ልጇ ይበርዳል እኮ እማዬ ስትላት ትንሽ እንድትታገሳት ለመነቻት። ከዚያ ቋጠሮውን ከደፉ ላይ አንስታ ጠረጴዛው ላይ፣ ባሏ ፊት፣ አኖረችው።

የሰማያዊ ፊት ልውጥ አለ።

«የደንበኛ ዕቃ ነው» አለ።

«ደንበኛዋ እኔ ነኝ» አለችው። «ለደንበኛ እንደምታስረዳው አስረዳኝ። ልጅህም ትስማ።»

«ከሌላ ቤት ያመጣሁት ነው። ጥድፊያ ያበላሸው…»

«ጥድፊያ የኔን ግራጫ ጨርቅ ከየት አገኘው?»

ሰማያዊ ወንበር ስቦ ተቀመጠና፣ ዕድሜ ልኩን ቋጠሮ ሲፈታ በኖረው ጣቱ ፈታው። መናገር ሲጀምር፣ የሚገርመው፣ በሥራ ድምፁ ነው የጀመረው። ይሄ ዘበኛው ነው አለ፤ አየር ሲበላሽ ጋዙን የሚዘጋው ነው አለ። ለምን እንደተበላሸ የሚነገርበት ቦታ ላይ ሲደርስ ግን ድምፁ ወረደ።

«አልተበላሸም። ያጣመምኩት እኔ ነኝ።»

በማግስቱ ተመልሼ እጠርገዋለሁ ብሎ እንደነበር፣ ከዚያ እንደረሳው ተናገረ። ሚስቱ እህቷ ጋ ሳለች ለቦርሳው መስፊያ ክር ፍለጋ ገብቶ፣ ማሞቂያውን አብርቶ እዚህ ክፍል ጥቂት እንደተቀመጠ ራሱን አመመው። ቀና ብሎ እሳቱን ሲያየው ቢጫ ነው። ያኔ ሁሉም ነገር አንድ ላይ መጣበት፤ እንደ ልጅ እያለቀሰ ሠራው። ባይቀየር ኖሮ ምን ያመጣ እንደነበር ግን መናገር አቃተው። እሱን ልጁ ጨረሰችለት።

«ሚጡ የወደቀች ቀን እንዲህ ነበር?»

«አዎ።»

«እዚህ እንደዚያ የምትተኛውስ?»

አንገቱን ደፋ። ልጁ ሚጡን ወደ ደረቷ ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

«ለብቻዋ አትተዪላት ያልከኝ እኮ ከዚያ ወዲህ ነው አባዬ።»

«እውነቱን ካወቅሽ ዳግመኛ ልጅሽን ይዘሽ እዚህ ቤት የማትረግጪ መሰለኝ» አለ። «አንቺን እንዳላጣ ፈራሁ።»

«ልጃችን አንተን ከምታጣ እኔን ትጣ አልክ» አለች ሚስቱ።

ክፉኛ ተቆጥታ ነበር፤ ግን አልጮኸችም። ጩኸቱን እንደምትፈልገው ታውቃለች፤ ብትጮህ ይለቅላት፣ እሱም ተጮኸብኝ ብሎ ዕዳውን የከፈለ ይመስለው ነበር። ይልቅ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ አለችው።

«ሳመሰግንህ ምን እያሰብክ ነበር?»

ሰማያዊ የተጣመመውን ዘበኛ ጨርቁ ላይ መልሶ አኖረው።

«ለትንሽ ጊዜ ያልሽው እውነት መስሎኝ ነበር» አላት።

ልጃቸው ከመቀመጫዋ ተነስታ ሚጡን አያቷ ክንድ ላይ አኖረቻት። እጆቿን ከሥር አልዘረጋችም። ከክፍሉ ወጥታ በሩን ከኋላዋ ዘጋችው፤ ከበሩ ማዶ ስታለቅስ ይሰማል። ሚጡ የአያቷን የአንገት ሜትር አፏ ውስጥ አስገብታ ታኝከው ጀመር። ልብስ ሰፊዋ የልጅ ልጇን አቀፈቻት። ደስ ሊላት የሚገባ ቀን ላይ ባሏን ማየት አቅቷት ወደ ግድግዳው ዞረች።

ሰማያዊ እጁን የሚያሳርፍበት ሲያጣ ተነስቶ መስኮቱን ዘጋና ማሞቂያውን ሊያበራ ተንበረከከ። ልጅቷን እንዳይበርዳት ብሎ ነው።

«ተወው» አለችው። «እሱን ሌላ ሰው እጠራለታለሁ።»

ሰማያዊ እንደተንበረከከ ቀረ። ቢሰድቡት፣ ቢያባርሩት ይህን ያህል አይጎዳም ነበር። እሷም ታውቃለች፤ አውቃ ነው ያለችው።

ሌላው ሰው እስኪመጣ ድረስ ማሞቂያው አልበራም። መኪናዋን ከአንሶላው አውጥታ፣ ካፖርት ደርባ፣ መስኮቷን ገርበብ አድርጋ መስፋት ጀመረች። መጀመሪያ የቆረጠችው የጠበቃውን እጅጌ ነው፤ ጠበቃው ጨርቅ ሊገዛ ገበያ ገብቶ ሳለ ራሷ አግኝታው፣ በነጻ እሠራልሃለሁ ብላ ነው ያስመጣችው። ቀኝና ግራ ሆኖ ወጣ። አየር ሲመረዝ የሚጮኸውን መሣሪያም ገዝታ ግድግዳው ላይ ሰቀለች፤ ባሏ ለደንበኛ ሁሉ ግዙ እያለ ለቤቱ ሳይገዛው የኖረውን።

የጠራችው ጥድፊያን ነው። ጥድፊያ ብሎ ስም ያወጣለትም ራሱ ሰማያዊ እንደነበር ያን ቀን ነው የገባት፤ ምክንያቱም የመጣው ሰውዬ እግሩን እየጎተተ በዝግታ የሚራመድ፣ ጋዙ መዘጋቱን ሁለት ጊዜ የሚያይ፣ ማሞቂያው እስኪበርድ ስለ ብርዱ ብቻ እያወራ የሚጠብቅ ሰው ነበር። ከሰማያዊ አይበልጥም፤ አያንስምም። እሷ ጎኑ ተንበርክካ ባትሪ አበራችለት። ባሏ በሩ ላይ ደገፍ ብሎ ቆሟል፤ ጥድፊያ የሥራ ባልደረባውን እጅ ነስቶ ሰላም ብሎታል፣ ለምን ራሱ እንዳልሠራው ግን ጨዋ ስለሆነ አልጠየቀም።

ፊቱን ፈትቶ ውስጡን ሲያይ ግን ዝም ማለት አልቻለም። ዘበኛውን በጣቱ ነካ አድርጎ፣ አየር ማስገቢያውን አጎንብሶ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ገና አዲስ ነው፤ ንጹሕ ሥራ ነው» አላት። «ማን ነው የሠራው?»

ባሏ ከተደገፈበት በር ቀና አለ። እሷ ባትሪውን ከማሞቂያው ላይ አላነሳችም።

«እኔ እንጃ» አለች። «እኔ ቤት ባልነበርኩበት ቀን ነው የተሠራው።»